ለሐኪሙ ያልነገርነው ድንጋይ

ባለቤቴን የሻረግን በዱላ የመታኋት በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ደጃችን፣ ጎረቤት እያየ ነው። ለመከላከል እጇን ስታነሳ ዱላው ክንዷ ላይ አረፈና አጥንቷ ተሰበረ። ይህን የነገሩኝ ያዩት ሰዎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው ንዴቱን ብቻ ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት ቤቴ ገብታ ጋቢዬን ልትወስድብኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። ለካ ብርድ እንዳይመታኝ ልታለብሰኝ ነበር የያዘችው።

ልጄ ሰብለ ይህን ጽሑፍ ስጀምር «አባዬ፣ እናቴን የመታህበትን ተወውና እንዴት እንደዳንክ ብቻ ጻፍ፤ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው» አለችኝ። እምቢ አልኳት። እኔን ለዚያ ሁሉ ያበቃኝ መደበቅ ነው። አሁን ደግሞ ስለ መደበቅ ስጽፍ ልደብቅ?

አዳሙ እባላለሁ፤ ከይጁቤ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። በልጅነቴ ዲማ ገዳም ወርጄ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ አባቴ ሲሞት በሬውን የሚይዝ ጠፍቶ ትምህርቴን ትቼ ተመለስኩ። ከዚያ የቀረኝ ማንበብና መጻፍ፣ ደግሞም የዕለቱን ታቦት አለመሳት ነው። መንገድ ላይ ሰው «ዛሬ ማን ነው?» ሲለኝ ሳላስብ «ሚካኤል ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ናት» ብዬ አልፋለሁ። ባገሩ የታወቅሁት ግን በሽምግልና ነው። ድንበር ሲገፋ፣ ሰው ሲሞት «አዳሙ ይምጣ» ይባላል። ትዕግሥተኛ ስለሆንኩ አይደለም። ቁጡ ነኝ፤ ሁለቱንም ወገን እኩል ስለምሳደብ አድልዎ የለበትም ይሉኛል።

ነገሩ የጀመረው ከዚሁ ከሽምግልናው ነው። ሁለት ቤተሰቦች በግጦሽ መሬት ተጣልተው ሰው ሞቶ ነበር። ደሙን ለማድረቅ ብዙ ደክመን በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ከዋርካው ሥር ሊቀመጡ እሺ አሉ። ተቀምጠው ወጉ ገና ሳይሞቅ፣ አንዱ የሟቹን ስም በንቀት ጠራ። ከዚያ በኋላ ዱላና ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሰው ሰው ላይ ወደቀ፤ ሽማግሌ ተረገጠ። እኔ እየተሳደብኩ መሐል ገባሁ። የሟቹ የወንድም ልጅ፣ ይበልጣል የሚባለው ጎረምሳ፣ ባላጋራው ላይ የወረወረው ድንጋይ እኔን ከግራ ጆሮዬ በላይ አገኘኝ። ተንበረከክሁ። ዓለም ጨለመ፣ ተመልሶ በራ። ደሙ ብዙ አልነበረም። ሻሼን ዝቅ አድርጌ አሠርኩና «ተቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ፤ ተቀመጡ።

የከተማ ሰው «ለምን ሐኪም ቤት አልሄድክም?» ይለኛል። ባገራችን ገላጋይ ከተመታ ነገሩ የራሱ ብቻ አይሆንም። ወንድሞቼና ልጆቻቸው ያነሱታል። ሁለት ቤተሰብ የነበረው ጠብ ሦስት ይሆናል፤ የደከምንበት ዕርቅም እዚያው ይፈርሳል። ስለዚህ ድንጋዩን ያዩ ጥቂት ሽማግሌዎች እንዳላዩ ሆኑ፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «የበሩ መቃን ነው የመታኝ» አልኩ። ዕርቁ ወረደ። ቄሱም በዚያ ቀን የሆነውን ማንም መልሶ እንዳያነሳው ገዘቱ። ግዝት ያፈረሰ ከቤተ ክርስቲያን ይለያል፤ ሬሳውም ሜዳ ይቀራል ብለን የምንፈራ ሰዎች ነን። እውነቱን ከሽማግሌዎቹና ከራሱ ከይበልጣል ሌላ የምታውቀው እብጠቱን በቅቤ ያሸችልኝ የሻረግ ብቻ ነበረች። እኔ እንዲያውም ኮርቼ ነበር። በአንድ ድንጋይ ስንት ሬሳ አስቀረሁ ብዬ።

ሳምንታት አለፉ፤ እብጠቱ ጠፋ። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ጠዋት ስነሳ ራሴን ከውስጥ በመጥረቢያ የሚፈልጡት ይመስለኛል፤ ጎንበስ ስል ይብሳል። ይጁቤ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። እኛ ዘንድ ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው። ኪኒኑን ውጬ ስጨርስ ጨጓራዬ ተቃጠለ እንጂ ራሴ አልተሻለውም። ሌላ ቦታ «የደም ግፊት ነው» ብለው ጨው ከለከሉኝ። የሻረግ አልጫ ያለ ጨው ሠርታ ስታቀርብልኝ ሳህኑን አንስቼ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥሁት። ተጎንብሳ ጠረገችው። ቁጡ ነኝ ብያለሁ፤ ምላሴ እንጂ እጄ ግን ቁጡ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ መርሳቱ መጣ። በሬዬን በስሙ ልጠራው ብዬ ስሙ ጠፋኝ። ጅራፌን ይዤ፣ በሬዎቹ ቤት እንደታሠሩ፣ እርሻው መሐል ቆሜ ተገኘሁ። ቀኝ እግሬ መጎተት ጀመረ፤ ጫማዬ መንገድ ላይ እየወለቀ ሲቀር የሸጠልኝን ነጋዴ ገበያ መሐል ሰደብኩት። አንድ ሽምግልና ላይ ጠርተውኝ ስለ ሟቹ ሲወራ «እሱ ራሱ ለምን አልመጣም?» አልኩ። ሁሉም አቀረቀረ። ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም።

ያንን ሰሞን አንድ ጎረቤቴ እንደወትሮው «አያ አዳሙ፣ ዛሬ ማን ነው?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ሰውየው ሲጠብቅ ቆይቶ ፈገግ አለ። አንገቱን አነቅሁት። ዐይኑ ሲገለበጥ እያየሁ እንኳ እጄ አልላላም፤ ለሁለት ሆነው ነው ያስለቀቁኝ። እቤት ስገባ ፍርሃት ያዘኝ። ሰውየውን አይደለም የፈራሁት፤ እጄን ነው። ራሴን የማላምንበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰብለ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ናት። በጸጥታው ችግር የተዘጋው መንገድ ተከፈተ ሲባል መጥታ እኔንም እናቷንም ይዛን ወጣች፤ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ አስገባችን። ወረፋው ረጅም ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፍቶ ነበር፤ ልነጥቀው ስነሳ የሻረግ ጋቢዬን ከኋላ ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

ወጣቱ ሐኪም በትሕትና «ጋሼ፣ ጥቂት ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ፤ ቀላል ናቸው» አለኝ። የመርሳት በሽታን ገና ሲጀምር የሚለዩበት ማጣሪያ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት። ቀኑ ስንት ነው፣ ወሩ ማን ነው፣ ያለነው የት ከተማ ነው? «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ፈረስ» ብሎ በኋላ እጠይቅዎታለሁና ይያዙልኝ አለ። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድወርድ፣ ክብ ስዬ የሰዓት ቁጥሮች እንድሞላ አዘዘኝ። ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጎን ከመርኳቸው፤ ትክክል እንዳልሆነ አያለሁ፣ ማስተካከል ግን አልችልም። እንዲያ ያለ ውርደት በላዬ ደርሶ አያውቅም። ሦስቱን ቃላት ሲጠይቀኝ የሻረግ ከኋላዬ ሆና «ፈረስ» ብላ አንሾካሾከች። ሐኪሙ «እማማ፣ አያግዟቸው» ሲላት ንዴቴ ገነፈለ። ጠረጴዛውን ገለበጥሁት። እስክሪብቶውን ሰባብሬ ፊቱ ላይ ወረወርኩት።

ልጁ ፈቀቅ አለ እንጂ አልሸሸም። ወረቀቱን ከመሬት እያነሳ «ወድቀው ወይም ጭንቅላትዎን ተመተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አልኩ።

ከዚያን ቀን ብዙው ነገር ጠፍቶብኛል፤ ይቺን «የለም» ግን አስታውሳታለሁ። የዕለቱን ታቦት የረሳ ጭንቅላት ግዝቱን አልረሳም። የሻረግም ዐይኗን መሬት ላይ እንደተከለች ቀረች።

ሐኪሙ «የመርሳት በሽታ ጅማሬ ይመስላል፤ ዲሜንሺያ የምንለው ነው። ይህ ግን ማጣሪያ ነውና የጭንቅላት ምስል መነሳት አለባቸው» ብሎ ነበር። ቤተሰቡ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መድኃኒት የለውም ተባለ፣ አለቀ። እኔ በሕይወት እያለሁ ቤቴ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ወንድሞቼ ወደ ጸበል ወሰዱኝ። ጸበሉን አልነካም፤ በጸበል አምናለሁ፣ የዳነም አውቃለሁ። እዚያ ግን አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ ነበር። እጅና እግሬን በገመድ አሥሮ «ማነህ? ልቀቅ!» እያለ ጀርባዬን በዱላ ቀጠቀጠኝ። እጁን ነከስኩት፤ የሥጋውን ጨው ዛሬም ምላሴ ያውቀዋል። ጋኔኑ ጠንካራ ነው ተባለና ዱላው ጨመረ። ውስጡ ደም እየቋጠረ ለነበረው ራሴ ያ ሁሉ መንገጫገጭ ምን እንዳደረገው እግዚአብሔር ይወቅ።

ከዚያ በተመለስኩ በማግሥቱ ነው የሻረግን የመታኋት።

ወንድሞቼ ሰንሰለት ይዘው መጡ። የሻረግ ክንዷን ወጌሻ አሥሮላት፣ በደህናው እጇ በሩን ይዛ «ውሻ አይደለም» አለቻቸው። ወደ ሰብለ አስደወለች። በማግሥቱ እጆቼን በገመድ አሥረው፣ ከላይ ጋቢ አልብሰው ሚኒባስ ላይ ጫኑኝ። ገመዱን የያዙት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የወንድሜ ልጅ፣ ሌላው ይበልጣል። ይበልጣል ከዕርቁ ወዲህ ሳይጠራ እየመጣ እርሻዬን ሲያርስልኝ ነበር። ሰው ደግ ልጅ ነው ይል ነበር፤ ለምን እንደሚያርስልኝ ማንም አልጠየቀውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ ሰብለ ናት፤ እኔ በዚያን ጊዜ ከሰው ቁጥር ውጭ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መጠበቂያው ላይ ሰው ከእኛ ሸሽቶ ተቀመጠ። እኔ እሳደባለሁ፣ እተፋለሁ። ከቁይ ከተማ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ ጠጋ ብላ፣ ለምን እንደታሠርኩ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች አጎረሰችኝ አሉ። አልነከስኳትም። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን ጸሎት ላይ «ያቺ የቁይዋ» እያልኩ አነሳታለሁ።

የተቀበለችን ሐኪም ሴት ናት። ያንኑ ማጣሪያ ጥቂት ሞከረችልኝና እኔን ተወችኝ። ወደ የሻረግ ዞራ ጥያቄውን ለእሷ አደረገችው። መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊትስ ምን ይመስል ነበር? እግሩ የሚጎተተው ከመቼ ወዲህ ነው? የሻረግ ስትመልስ ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች።

«የመርሳት በሽታ እንዲህ አይሮጥም» አለች። «በዓመታት ነው ቀስ እያለ የሚመጣው። በሳምንታት ውስጥ ሰውን እንዲህ የሚለውጥ፣ እግር የሚያስጎትት ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ተመተዋል?»

የሻረግ የታሠረ ክንዷን ወደ ነጠላዋ ውስጥ ሳበች።

«እርስዎስ ክንድዎን ምን ሆኑ?»

«ወደቅሁ» አለች የሻረግ።

«እንግዲህ በዚህ ቤት እሳቸው ምንም አይነካቸውም፣ እርስዎ ዝም ብለው ይወድቃሉ» አለች ሐኪሟ። ተናዳለች። «እማማ፣ እየደበቁኝ እኚህን ሰው ማዳን አልችልም። ሊሞቱ ይችላሉ።»

የሻረግ እኔን አየችኝ። ምራቄ በጢሜ ላይ ይወርዳል። ሰብለ እንደምትለው እናቷ ያን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ አረጀች።

«ድንጋይ መቶታል» አለች።

«ማን ወረወረ? የት ጋ?»

«ከጆሮው በላይ፣ በግራ። ድንጋይ ነው ያልኩሽ ልጄ። ግዝት አለብኝ፤ ስም አትጠይቂኝ።»

በሩ ላይ ገመዱን ይዞ የቆመው ይበልጣል ያን ጊዜ «የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለ። ማንም አላስገደደውም። የወንድሜ ልጅ አጠገቡ ነው የቆመው፤ ገመዱን ጥሎ በቡጢ አፉን መታው። ኮሪደሩ ላይ ተያያዙ፤ አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው ጮኸ። ጥበቃዎቹ ሳይደርሱ የሻረግ በተሰበረ ክንዷ መሐላቸው ገባች።

«ገላጋይ ሲመታ ያያችሁት አይበቃችሁም?» አለቻቸው። የወንድሜ ልጅ እጁን አወረደ።

በዚያው ዕለት ሲቲ ስካን ተነሳሁ፤ የጭንቅላትን ውስጥ በጨረር የሚያሳይ ምስል ነው። የግራው ጎን ደም ቋጥሮ አንጎሌን ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ በእኛ ዕድሜ አንጎል ትንሽ ይሸሽና ከራስ ቅሉ ጋር ክፍተት ይፈጠራል። በምቱ የተቀደደች ቀጭን ደም ሥር እዚያ ክፍተት ውስጥ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ትላለች። ሰውየው ቀስ በቀስ ይረሳል፣ ይቆጣል፣ ይጎተታል፤ የሚያየው ሰው አረጀ ወይም ጋኔን ያዘው ይላል። አንቡላንስ ተገኝቶ ባሕር ዳር ወሰዱኝ። የራስ ቅሌን በመሰርሰሪያ በሁለት ቦታ በሱት። የወጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ ነው አሉ።

ስነቃ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የሻረግ ነበረች። የሻረግ መሆኗን አወቅሁ። ክንዷ በጀሶ ታስሮ አየሁና «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ወደቅሁ» አለችኝ።

አመንኳት። እውነቱን መጀመሪያ የነገረችኝ ሰብለ ናት፤ ያውም ለምኛት፣ ተቆጥቻት። ስሰማ አላለቀስኩም። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ ነርሷ መጥታ «ጋሼ፣ ስፌትዎ ይፈታል» ብላ ገሠጸችኝ። በዚህ ዓለም ላይ ከባድ ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ የማታስታውሰውን በደል በጤነኛ ራስህ መሸከም ነው እለዋለሁ።

እግሬ በየቀኑ እየተፍታታ መጣ። ለክትትል ደብረ ማርቆስ ስመለስ ያቺው ሐኪም ማጣሪያውን እንደገና አደረገችልኝ። ሦስት ቃላት ሰጠችኝ፤ አንዷ አመለጠችኝ። ሰዓቱን ስል ቁጥሮቹ በየቦታቸው ተቀመጡ። በመጨረሻ ከየሻረግ ሰምታ ነው መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ማን ነው?» አለችኝ።

«አቦ ናቸው» አልኩ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ምርመራውን አትፍራው፤ አባትህ መርሳት ከጀመረ ውሰደው። ግን ማጣሪያው አንድ ነገር ነው የሚናገረው፤ ጭንቅላት ውስጥ የተበላሸ ነገር መኖሩን። ምን እንዳበላሸው አይናገርም። እሱን የምትናገረው አንተ ነህ። መውደቅም ሆነ መመታት፣ ከወራት በፊት የሆነም ቢሆን፣ ቢያሳፍርም፣ ቢያጣላም ተናገር። አንዳንዱ መርሳት በእርግጥ አይመለስም። የእኔ ተመለሰ፤ እንደ እኔ የሚመለሰው ዓይነት መሆኑ የሚታወቀው ግን አፍ ሲከፈት ነው።

ቤቴ ስገባ ይበልጣል ሽማግሌ ይዞ፣ እንደ ልማዳችን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ከንፈሩ ላይ የወንድሜ ልጅ ቡጢ ጠባሳ አለ። ቄሱ ግዝቱን ፈትተውልናል፤ ወንድሞቼም ጥርሳቸውን ነክሰው መጥተዋል። «አውርድ» አልኩት፤ አወረደ። ዘመዶቼን እንዳይበቀሉት አስማልኳቸው። ለስንቱ እንዳደረግሁት ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሲሉ ያንኑ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና የሻረግ ፊት ተንበረከክሁ። ማጉረምረም ተሰማ፤ ባል ለሚስቱ ድንጋይ ተሸክሞ ሲወድቅ ባገራችን አልታየም። የሻረግ ጀሶው ተፈቶላታል፤ ክንዷ ግን እንደ ድሮው ቀጥ አላለም። ቁልቁል አየችኝ። ወዲያው አውርድ አላለችኝም።

«ሲመቱህ ደበቅሁልህ» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ። «ስትመታኝም ደበቅሁልህ። ከእንግዲህ አልደብቅልህም፤ ካሳዬ እሱ ነው። አሁን አውርደው፣ ሐኪሟ ከባድ አትሸከም ብላሃለች።»

አወረድኩት። ዱላዬን በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ካሳዋን ልከፍል ነው።